ኢንዶሚ በወጉ፦ ለአዲስ አበባ ክረምት የሚሆን አንድ ሳህን ኑድል

ነሐሴ ነው። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አልፏል። ታክሲ ሰልፍ ላይ አርባ ደቂቃ ቆሜ፣ ካልሲዬ ድረስ ርሼ ገባሁ። እንጀራው አልቋል። ፍሪጅ ውስጥ ያለው ግማሽ ሽንኩርት፣ ሁለት እንቁላልና ከትናንት ወዲያ የተረፈ ምስር ነው። እንዲህ ባለ ምሽት ሰው ሙያ ማሳየት አያምረውም። የሚያምረው ትኩስ ነገር ነው። ጨው ያለው፣ እንፋሎቱ ፊት የሚያሞቅ፣ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የሚደርስ።

እኔ ያኔ ኢንዶሚ ነው የምሠራው።

እኛ ዘንድ ኢንዶሚ የአንድ ምርት ስም መሆኑ ከቀረ ቆየ። የዱቄት ሳሙና ሁሉ ኦሞ፣ የውሃ ፕላስቲክ ሁሉ ሃይላንድ እንደሆነው፣ በፓኬት የሚሸጠው ጥቅልል ኑድል ሁሉ ኢንዶሚ ሆኗል። ስሙ የኢንዶኔዥያ ነው። «ሚ» በእነሱ ቋንቋ ኑድል ማለት ነው፤ «ኢንዶ» የሚለው አገራቸው ነው። ከዚህ በታች ኢንዶሚ ስል የጃፓኑን ራመንም የኮሪያውን ራምዩንም ጨምሬ ነው።

«እሱ ደግሞ ምግብ ነው?» የሚሉ ሰዎች አሉ። እነሱ በዓይነ ሕሊናቸው የሚያዩት ተልፈስፍሶ፣ ውሃ በዝቶበት፣ ቅመሙ ሁሉ ተዘርግፎበት የቀረበላቸውን ነው። እሱንማ እኔም አልበላውም።

«ሦስት ደቂቃ» የሚለው ጽሑፍ

ታላቅ እህቴ ጅዳ ሰባት ዓመት ሠርታ ነው የተመለሰችው። የቤቱ ልጆች ሌሊት ሲርባቸው የሚጠይቋት ኢንዶሚ ስለነበር ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። በመጣች በሳምንቷ «ዛሬ እራት በእኔ» አለችና ከሰፈር ሱቅ አምስት ፓኬት አስመጣች። ውሃ አፈላች፣ ከተተች፣ ስልኳን አይታ ልክ በሦስት ደቂቃ አወጣች። ቀመስነው። ከላይ ለስልሷል፤ መሃሉ ግን ጥርስ ላይ ዱቄት ዱቄት ይላል።

«ይሄ ፎርጅድ ነው!» አለች። «የጅዳው እንዲህ አይደለም። ነገ ወስጄ ነው የምመልስለት።»

«እትዬ፣ የተቀደደ ፓኬት ማን ይቀበልሻል?» አልኳት።

ባለሱቁ አላጠፋም። ጥፋቱ የከተማችን ነው። ጅዳ ባሕሩ አፍ ላይ ነው ያለችው፤ እዚያ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ነው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ግድም ላይ ነው የተቀመጠችው። ከፍታው ሲጨምር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃውም ገና 92 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ መንፈቅፈቅ ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ እሳት ብትለቁበት ቶሎ ይተናል እንጂ አይግልም። ባቄላና ሽምብራ እዚህ ሲያንገላታን የሚውለውም በዚሁ ምክንያት ነው። ፓኬቱ ላይ ሦስት ደቂቃ ብሎ የጻፈው ሰው እኛን አላሰበንም።

እህቴ ይህን ስነግራት መጀመሪያ አላመነችም። በማግስቱ አራት ደቂቃ አድርጋ ሠራችው። «ይሄው የጅዳው» አለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ትምህርት ይኼ ነው፦ አዲስ አበባ ከሆናችሁ ሦስት ደቂቃ የሚለውን አራት አድርጉት። አራት ደቂቃ ተኩል የሚለውን፣ ወፍራሞቹን የኮሪያ ኑድሎች ማለት ነው፣ ወደ ስድስት አስጠጉት። ደብረ ብርሃን ያላችሁ ከእኛም ትንሽ ጨምሩ። ድሬዳዋ ግማሽ ደቂቃ ብትጨምሩ ይበቃችኋል። ዱባይ፣ ቴል አቪቭ ወይም ቨርጂኒያ ሆናችሁ የምታነቡ ፓኬቱን እመኑት፤ ለእናንተ ነው የተጻፈው።

ሱቅ ላይ

ኢንዶሚ ዘይት ውስጥ ተጠብሶ ነው የሚደርቀው። ዘይት ደግሞ ፀሐይ ሲመታው ይከረፋል። ሱቅ በር ላይ ተሰቅሎ የሚውለውን ፓኬት ተዉትና ከውስጥ፣ ከካርቶኑ እንዲያወጣላችሁ ጠይቁ። የሚያበቃበትን ቀን እዩ። ቤት ስትከፍቱት የከረመ ዘይት ከሸተታችሁ አታባብሉት፤ ቅመም አያድነውም።

መጠኑንም ተመልከቱ። ሱቅ ውስጥ የሚበዛው 70 ግራም አካባቢ የሆነው ትንሹ ነው። የኮሪያው ሺን ራምዩን 120 ግራም ነው። ልዩነቱ ቀላል አይደለም፤ ውሃውም ጊዜውም እንቁላሉም የሚለካው በእሱ ነው። ለራበው አዋቂ ትንሹ አንድ ፓኬት መክሰስ ነው። እኔ ሁለት እከታለሁ፤ ቅመሙን ግን የአንዱን ብቻ ነው የምጠቀመው። ለምን እንደሆነ እመለስበታለሁ።

ለጾም የምትገዙ ከሆነ «የአትክልት ጣዕም» ስላለ ብቻ አትለፉት። ኑድሉ ራሱ ብዙ ጊዜ የስንዴ ዱቄት፣ ዘይትና ጨው ነው። ችግሩ ያለው ትንሿ የቅመም ከረጢት ውስጥ ነው፤ የዶሮ ስብ ወይም የወተት ዱቄት የገባባት አለች። ጀርባውን አንብቡ። ካልተማመናችሁ ከረጢቷን አስቀምጧትና ኑድሉን ብቻ ውሰዱ፤ ለሾርባው ሌላ ዘዴ አለ፣ ወደታች ታገኙታላችሁ።

ቶሎ የሚበስለው ለምንድን ነው?

ይቺን ማወቅ ከምግቡ ጋር ግንኙነት አላት፤ ታገሱኝ።

ነገሩን የፈጠረው አንዶ ሞሞፉኩ የሚባል፣ ታይዋን ተወልዶ ጃፓን የኖረ ነጋዴ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ኦሳካ ላይ ሰዎች በብርድ ለአንድ ሳህን ራመን ተሰልፈው አይቷል። በኋላ ንግዱ ሲከስርበት ኢኬዳ በምትባል ከተማ፣ ጓሮው ባሠራት ትንሽ ጎጆ ውስጥ ሙከራ ጀመረ። ኑድሉን ማድረቅ አቅቶት ሲጨነቅ ሚስቱ ቴምፑራ የሚባለውን በሊጥ የተለበጠ ጥብስ ስትጠብስ አየ ይባላል። ሊጥ የጋለ ዘይት ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው ውሃ ተንፈቅፍቆ ይወጣና በየቦታው ጥቃቅን ቀዳዳ ትቶ ይሄዳል። ኑድሉን መጀመሪያ በእንፋሎት አበሰለ፣ ከዚያ ጠበሰው። ትኩስ ውሃ ሲያገኝ ውሃው በእነዚያው ቀዳዳዎች ይመለሳል። ነሐሴ ወር 1958 እ.ኤ.አ. ለገበያ አወጣው፤ ዋጋው 35 የን። ያኔ ኡዶን ከሚባለው ተራ የጃፓን ኑድል ብዙ እጥፍ የተወደደ ስለነበር የድሃ ምግብ የሚባል አልነበረም። በኩባያ የሚሸጠው ደግሞ በ1971 እ.ኤ.አ. መጣ።

እንግዲህ ኑድሉ እናንተ ጋ ሲደርስ አንዴ በስሏል። የእናንተ ሥራ ውሃውን መመለስ ብቻ ነው። ለዚህም ነው ከእሳት ካወጣችሁት በኋላም መጠጣቱን የማያቆመው። ሾርባ ውስጥ ተቀምጦ ያብጣል፣ ይለሰልሳል። ስለዚህ ጠንከር እንዳለ ማውጣት፣ ወዲያው መብላት።

«ሰም ተቀብቷል» የሚለውን ወሬ ሰምታችሁ ይሆናል። እናቴ አሁንም ታምንበታለች። የለበትም። ውሃው ላይ የሚንሳፈፈው የተጠበሰበት ዘይት ነው። ዘይቱ የከበዳችሁ ኑድሉን ለብቻው ቀቅላችሁ ውሃውን መድፋትና በአዲስ ሙቅ ውሃ ሾርባውን መሥራት ትችላላችሁ። ጣዕሙ ይቀላል፣ ሆዱም ይቀላል። እኔ በብርድ ቀን አላደርገውም።

ድስቱና ውሃው

ድስቱ ትንሽና ስስ ይሁን። ኮሪያዎች ለዚሁ ጉዳይ ቢጫ፣ ስስ የአሉሚኒየም ድስት አላቸው፤ ቶሎ ይግላላ። እኛ ቤት የልጅ ገንፎ የሚሠራባት ባለ አንድ እጀታዋ አሉሚኒየም ያንኑ ሥራ ትሠራለች። ሰፊ ድስት ከሆነ ውሃው ይበተንና ኑድሉን አይሸፍነውም፤ ከላይ ደርቆ ከታች ይለፈሰፋል።

ውሃ በዓይን አትገምቱ። ኢንዶሚን ከምንም በላይ የሚያበላሸው ይኼ ነው። ቤት ውስጥ መለኪያ የላችሁም? ግማሽ ሊትር ሃይላንድ አለ። ለ70 ግራሙ ፓኬቱ የሚለው ብዙ ጊዜ 400 ሚሊ ሊትር ነው። እዚህ ረዘም ላለ ጊዜ ስለምናበስለው ትንሽ ይተናል፤ እኔ 450 አደርጋለሁ። ሃይላንዱ ሞልቶ ሁለት ጣት ያህል ሲጎድል ማለት ነው። ለትልቁ የኮሪያ ፓኬት 550 የሚል ተጽፎበታል፤ ሃይላንዱን ሙሉ ጨምራችሁ ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ድገሙበት።

ሁለት ፓኬት ስትሠሩ ውሃውን እጥፍ አታድርጉት። ለሁለት ትናንሾች 750 ይበቃል። ወጥ ላይ ውሃ የሚጨምረው እንግዳ የመጣበት ሰው ነው።

መሠረቱ

እዚህ ላይ የእኛ እጅ አያርፍም። ኢንዶሚ ሲባል ሦስት ራስ ሽንኩርት ከትፈው፣ ቁሌት አብስለው፣ ቲማቲም ጨምረው፣ በመጨረሻ የፓስታ ወጥ የሚሠሩ አሉ። ይጣፍጣል፤ ኢንዶሚ ግን አይደለም። በዚያ ላይ አርባ ደቂቃ ሄዷል፤ ካልሲዬም አልደረቀም።

የሚያስፈልገው ይኼ ብቻ ነው፦ አንድ ፍሬ ነጭ ሽንኩርት በቢላዋ ጎን ደፍጥጡ። ዝንጅብል የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ቁረጡ። ድስቷ ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት አድርጉና ሁለቱን በመካከለኛ እሳት አንድ ደቂቃ አቁላሉ። ሽታው ሲመጣ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ገና ሳይጠቁር፣ ውሃውን ቸልሱበት። የደፈጠጡት ነጭ ሽንኩርት ከተቃጠለ ሾርባው መራራ ይሆናል፤ ያኔ ድስቱን አጥባችሁ እንደገና ጀምሩ።

በርበሬ የምትወዱ ሩብ የሻይ ማንኪያ ከዘይቱ ጋር አሁን አስገቡት። ቆይቶ ሾርባው ላይ የሚነሰነስ በርበሬ ጥሬ ጥሬ ይላል። ሚጥሚጣ ግን ተቃራኒው ነው፤ መጨረሻ ላይ፣ ሳህኑ ላይ ነው ቦታው።

ኑድሉ ሲገባ

ውሃው በደንብ እስኪፈላ ጠብቁ። ዳር ዳሩን ማጉረምረሙ አይበቃም፤ መሃሉ ይገልበጥ። ኑድሉን አትሰባብሩት። ለሕፃን በማንኪያ ካልሆነ በቀር የተሰበረ ኢንዶሚ ሩዝ ነው የሚመስለው፤ ደስታው ግማሹ ርዝመቱ ላይ ነው።

ከተታችሁ በኋላ አንድ ደቂቃ አትንኩት። ከዚያ በሹካ ገልብጡት። ሲፈታ ለያዩት። በሦስተኛው ደቂቃ ላይ አንድ የኮሪያዎች ዘዴ አለ፦ ኑድሉን በሹካ ከሾርባው ብድግ አድርጋችሁ አየር ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት፣ መልሱት፣ እንደገና አንሱት። አየሩ ሲነካው ጠጠር ይልና ሲያኝኩት ይመልሳል ይላሉ። እኔ ሞክሬ ልዩነቱን አምኛለሁ። እህቴ «ጨዋታ ነው» ትላለች።

አራት ደቂቃ ሊሞላ ሠላሳ ሰከንድ ሲቀረው አንዲት ክር አውጥታችሁ ቅመሱ። መሃሉ ላይ እምብዛም የማትታወቅ ጥንካሬ ከቀረች በቃ፣ ደርሷል። ሳህን ላይ ሲደርስ እሷም ትለሰልሳለች።

ስለ ቅመሟ ከረጢት

ሾርባውን ሾርባ የምታደርገው እሷ ናት፤ ስለዚህ አልሰድባትም። በብዙዎቹ ውስጥ ኤም ኤስ ጂ የሚባለው አለ። ጃፓናዊው ኬሚስት ኢኬዳ ኪኩናኤ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም ሾርባ ውስጥ ለይቶ ያወጣው ጣዕም ነው። ቲማቲምና የከረመ አይብ ውስጥም በተፈጥሮው አለ። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ሳይሆን ጨዉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ2,000 ሚሊ ግራም በታች ሶዲየም ነው የሚመክረው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው መሆኑ ነው። ትልልቆቹ ፓኬቶች ብቻቸውን ከ1,500 የሚያልፉ አሉ። አንድ ሳህን በልታችሁ የቀኑን ጨራርሳችሁት ማለት ነው። ደም ግፊት ያለበት ሰው ቤት ውስጥ ካለ ይህን አታቃልሉት።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ከረጢቷን ግማሽ ጨምሩ፣ ቅመሱ፣ ካነሰ ሩብ ድገሙ። ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ፣ ኋላ የምትጨምሩት ሎሚ የጎደለውን ጨው ይሸፍኑታል። ሁለት ፓኬት ሲሠራ የአንዱን ቅመም ብቻ የምጠቀመው ለዚህ ነው። የተረፈችውን አትጣሏት። እኔ ቤት አንዲት የቡና ጠርሙስ አለች፤ ትርፍራፊው ሁሉ እሷ ውስጥ ይጠራቀማል። የተጠበሰ ድንች ላይ ነስንሱትና ትረዱኛላችሁ።

የምትጨመረው ደግሞ እሳቱ ሲጠፋ ነው። ቀድማ ከገባች ውሃው ሲተን ጨዉ ይጠነክራል፣ የቅመሙም ሽታ ወጥ ቤት ውስጥ ቀርቶ ሳህን ላይ አይደርስም።

እንቁላል

ሦስት መንገድ አለ። እኔ ለአንዱ አዳላለሁ።

የሚቀለው መትቶ ማፍሰስ ነው። እንቁላሉን በሲኒ ምቱት። ኑድሉ ሲደርስ እሳቱን ዝቅ አድርጉ፣ ሾርባውን በሹካ አንድ ጊዜ አዙሩትና እንቁላሉን በቀጭኑ እየጣላችሁ አሥር ሰከንድ አትንኩት። እንደ ክር ይረጋል። ቸኩላችሁ ካማሰላችሁት ሾርባው ይደፈርሳል፤ የሚበላ ነው፣ መልኩ ግን አያምርም።

ሁለተኛው ለብቻ ቀቅሎ አስኳሉን ማር አስመስሎ ማውጣት ነው። እዚህም ከፍታው አለ። በይነመረብ ላይ የምታገኙት ስድስት ደቂቃ ተኩል የሚለው ለእኛ አይሠራም፤ ነጩ ራሱ ንፍጥ ሆኖ ይወጣል። እኔ የፈላ ውሃ ውስጥ የፈረንጁን ዶሮ እንቁላል ስምንት ደቂቃ ተኩል፣ ትንሹን የሐበሻውን ሰባት ደቂቃ ነው የማቆየው። ከዚያ ወዲያው ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ።

ሦስተኛው የእኔ ነው። ኑድሉ ሊደርስ ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በሹካ ወደ ዳር ገፋ ገፋ አድርጌ ጎድጓድ አበጃለሁ። እንቁላሉን እዚያው ሰብሬ አስቀምጣለሁ። እሳቱ ዝቅ፣ ክዳኑ እላዩ። ክዳኑን ስታነሱት ነጩ በስስ መጋረጃ አስኳሉን ሸፍኖታል። ሳህን ላይ ገልብጣችሁ በማንኪያ ጫፍ ነካ ስታደርጉት ቢጫው ኑድሉ ውስጥ ይፈሳል፣ ሾርባውም ወፈር ይላል። ያቺ ቅጽበት ለእኔ የምሽቱ ዋጋ ናት። ለሕፃንና ለነፍሰ ጡር ግን አስኳሉን እስኪጠነክር አብስሉት።

አረንጓዴና መዝጊያ

ቆስጣ እጅግ ይስማማዋል። ሁለት ቅጠል በእጅ ቀድዳችሁ በመጨረሻው ግማሽ ደቂቃ ጣሉት። ጥቅል ጎመን ወይም ካሮት ከሆነ እንደ ክር ቀጥኖ ተቆርጦ ከኑድሉ ጋር እኩል ይግባ። አበሻ ጎመን አይሆንም፤ እሱ እስኪበስል ኑድሉ ገንፎ ይሆናል። ከትናንት ወዲያ የተረፈው ምስር? እኔ አንድ ማንኪያ ጨምሬበት አውቃለሁ። ሾርባው ይወፍራል። ለማንም አልተናገርኩም፣ አሁን ተናገርኩ።

መዝጊያው ሳህን ላይ ነው የሚሠራው። ግማሽ የሻይ ማንኪያ ንጥር ቅቤ ከታች አድርጉና ትኩሱን ሾርባ እላዩ ገልብጡ። ከዚያ በላይ ቅቤ ካደረጋችሁ ኮሰረቱ ሌላውን ሁሉ ይውጠዋል። አንድ ጊዜ ሎሚ ጨመቅ። ሚጥሚጣ በሁለት ጣት ቁንጥር። የተቆላ ሰሊጥ ካላችሁ በጣታችሁ እሽት አድርጋችሁ በትኑበት። ሎሚና ቅቤን አንድ ላይ የሚሰጋ ሰው አለ፤ ቅመሱና ፍረዱ።

አረብ አገር የኖሩ ሰዎች አይብ ያደርጉበታል፤ ያቺን በወረቀት የተጠቀለለች ባለ ሦስት ማዕዘን። እህቴ አንዷን ሾርባው ላይ አቅልጣ ነጭ ታደርገዋለች። ኮሪያዎችም ስሱን ቢጫ አይብ ከላይ ጣል ያደርጉበታል። ቃጠሎ በጣም ለበዛበት ኑድል መድኃኒት ነው።

የጾም ቀን

ከረጢቷን የተዋችኋት እዚህ ትካሳላችሁ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ካቁላላችሁ በኋላ ግማሽ የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ ከዚያ ውሃ። በሲኒ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ የለውዝ ቅቤ በሁለት ማንኪያ ሙቅ ውሃ በጥብጡ፤ ስኳር የሌለበት ይሁን። ኑድሉ ሲደርስ እሳቱን አጥፍታችሁ ብጥብጡን፣ ትንሽ ጨውና አንድ የሻይ ማንኪያ ሶይ ሶስ ጨምሩ። ለውዙ ከፈላ ዘይቱ ይለያል፣ ስለዚህ እሳት ላይ አይሁን። ሎሚ እዚህ ግዴታ ነው። እውነቱን ለመናገር ከፍስኩ ይልቅ ይኼኛው የሚጣፍጠኝ ቀን አለ።

ሾርባ የሌለው

«ሚ ጎሬንግ» የሚል የተጻፈበት ከሆነ «የተጠበሰ ኑድል» የሚሉት ዓይነት ነው፤ ሾርባ አይደለም። ቅመሞቹንና ዘይቱን መጀመሪያ ባዶ ሳህን ላይ አፍስሱ። ኑድሉን ቀቅሉና አጥልሉት፤ ከቀቀላችሁበት ውሃ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ብቻ አስቀሩ። በሳህኑ ላይ ገልብጡ፣ ውሃውን ጨምሩ፣ በፍጥነት አማስሉ። ያቺ ሁለት ማንኪያ ውሃ ከሌለች ኑድሉ እርስ በርሱ ይጣበቃል። ከላይ የተጠበሰ እንቁላል፣ ጎን ላይ የተሰነጠቀ ቃሪያ።

ስለ ኩባያ ኑድል፣ ኑድል ሲጠፋም

የኩባያ ኑድል ለአዲስ አበባ አይመችም። 92 ዲግሪ ውሃ ስትጨምሩበት ወዲያው መቀዝቀዝ ይጀምራል፤ ጠዋት ፔርሙስ ውስጥ የገባ ውሃ ከሆነማ ተስፋ የለውም። ቢያንስ አሁን የፈላ ውሃ ይሁን። ክዳኑ ላይ ሳህን ጫኑበት፣ ኩባያውን በጋቢ ወይም በፎጣ ጠቅልሉና ስድስት ደቂቃ ጠብቁ። ስቃችሁ ይሆናል፤ ሞክሩት።

ኑድል ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ ቤት ያለው ቀጭን ፓስታ ይተካዋል። አንድ ሊትር የፈላ ውሃ ውስጥ አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። በትልቅ ድስት ይሁን፤ አረፋው ገንፍሎ ምድጃውን ይሞላል፣ ደርሶብኛል። የራመን ቢጫነትና ምልሰት የሚመጣው ሊጡ ውስጥ ከሚገባ ከእንዲህ ያለ አልካላይን ጨው ነው። ፓስታው ሲበስል አጥልሉት፣ አጠብ አድርጉትና ሾርባውን ለብቻ ሥሩ።

አበላሉና የተረፈው ሾርባ

እኛ ቤት ሲያድጉ «ድምፅ አታሰማ» ተብሏል። ጃፓን ኑድል በድምፅ ሲበላ ነውር የለውም። ትኩስ ኑድል ከአየር ጋር ፉት ሲባል ይበርዳል፣ ሽታውም አፍንጫ ይደርሳል። ብቻችሁን ከሆናችሁ ማን ያያችኋል? ከድስቷም ብትበሉ የሚከሳችሁ የለም። ብቻ ቶሎ ብሉ። ስልክ ከተደወለ አታንሱ።

ኑድሉ አልቆ ሾርባው ሲቀር ኮሪያዎች የቀዘቀዘ ሩዝ ይጨምሩበታል። እኔ ድርቆሽ ነው የምጨምረው። መቼም በዓለም ላይ ፈጣን ምግብ የሚባለውን ቀድመን ይዘን ነበር፤ እንጀራውን ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ መንገድ ይዘን ሄደን፣ ውሃ ሲነካው መብላት። እናቴ የምትልክልኝ አንድ ፌስታል ሁሌም ቁም ሳጥኑ ላይ አለ። አንድ እፍኝ ሾርባው ላይ በትኑ፣ ክዳኑን ግጠሙ፣ ሁለት ደቂቃ። ሾርባው ጨው ከበዛበት ድርቆሹን ከመጨመራችሁ በፊት ሩብ ብርጭቆ ሙቅ ውሃ ጣል አድርጉበት። ሲከፈት ድርቆሹ ጠጥቶት ድስቷ ግርጌ ምንም አልቀረም። ከላይ የቀረችውን ሚጥሚጣ ነስንሱ።

እህቴ መጀመሪያ ያየች ቀን «ይኼ ምን የሚሉት ጉድ ነው?» አለች። ከዚያ ማንኪያ ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።